«ኃይሌ ወይስ ቀነኒሳ» ይዘጋ?

— ጋሼ፣ የዛሬ ማታውን የሬዲዮ ዝግጅት የርዕስ ዝርዝር አዩት?

— አየሁት። የመጀመሪያውን ሰርዥው።

— «ኃይሌ ወይስ ቀነኒሳ»ን?

— እሱኑ። ከአቴንስ ወዲህ በዚህ ጉዳይ ያልተባለ ምን ቀረ? ሁለቱን ወገን ስገላግል ፀጉሬ ሸበተ። ኃይሌ ራሱ ሩጫ ያቆመው በ2007 ነው፤ ክርክሩ ግን ይኸው እስከ ዛሬ ይሮጣል።

— እኔ ደግሞ ዝርዝሩ ላይ ካሉት ሁሉ የምተማመነው በእሱ ነው። በሌላ ርዕስ የሚደውል ሰው «ዝግጅታችሁ ይመቸኛል፣ በርቱ» ብሎ የመጣለትን ተናግሮ ይዘጋል። በዚህኛው ላይ የሚደውለው አጥንቶ ነው። ባለፈው ሳምንት አንዱ የቀነኒሳን የ5 ሺህ ሰዓት፣ የሄንገሎዋን 12:37.35 ከነመቶኛ ሰከንዷ ሲጠራ፣ ሌላው ወዲያው ደውሎ «እሷማ በቼፕቴጌ ተሰብራለች፤ የኃይሌን የሲድኒ ወርቅ ግን የሚሰብረው የለም» አለው። እንዲህ ያለ መልስ በየትኛው አዲስ ርዕስ ላይ ሰምተው ያውቃሉ?

— ቀነኒሳስ ወርቅ አነሰው? አቴንስ ላይ አንድ፣ ቤይጂንግ ላይ ሁለት።

— አዩ? ገቡበት።

— ተይኝ እስቲ! የምልሽ ይህንኑ ነው፤ ልዝጋው ያልኩትን ሰውዬ እንኳ ጎትቶ ያስገባል። ደግሞ የሚደውለው ማን ነው? ሁሉንም ከሰላምታቸው ለይቼ አውቃቸዋለሁ። ባለታክሲው ሬዲዮውን ሳይቀንስ ይደውላል፤ የራሱ ድምፅ ተመልሶ እያፏጨ ጆሯችንን ይበሳዋል። «እባክዎ ሬዲዮዎን ይቀንሱ» ብዬ እስክጨርስ የኃይሌን አራት የዓለም ሻምፒዮና የ10 ሺህ ወርቆች ከሽቱትጋርት እስከ ሴቪያ ቆጥሮ አብቅቷል። የሀዋሳው መምህር ይቀጥላል፤ እሱ ደግሞ የቀነኒሳን 11 የአገር አቋራጭ ወርቆች ነው የሚቆጥረው። «ኃይሌ በሩን ባይከፍት» ይላል አንዱ። «በሩንማ የከፈተው አበበ ነው» ይላል ሌላው። ያሉን መስመሮች ጥቂት ናቸው። በእነሱ ከተያዙ ሌላው ሰው ሲደውል የሚሰማው «ተይዟል» የሚለውን ድምፅ ነው።

— አዲስ ሰው ቢደውል አናስገባውም?

— እናስገባዋለን። ያ ልጅ ደውሎ አልነበር? «ለኔ ከሁለቱም ሰለሞን ባረጋ ይበልጥብኛል» ያለው። ቀጥሎ የገባው ሰውዬ ምን አለው? «አንተ ሲድኒ ጊዜ የት ነበርክ?» ልጁ ሲድኒ ጊዜ አልተወለደም! ስለ ቶኪዮ ወርቅ ሊያወራ ደውሎ ስለ ዕድሜው ተጠየቀ። ከዚያ ወዲህ ድምፁን ሰምተሽዋል?

— ያ የሰውዬው ጥፋት ነው፤ ርዕሱ ምን አደረገ? እንዲያውም የሰለሞን ወርቅ ምን ያህል እንደሚከብድ ለልጁ ሊያስረዳለት የሚችለው ይኸው አሮጌ ክርክር ነው። ከቤይጂንግ በኋላ ለንደን ላይም ሪዮ ላይም የወንዶች 10 ሺህ ወርቅ በሞ ፋራህ ተወስዶብናል። ይህን የማያውቅ ሰው የቶኪዮን ወርቅ እንደ ማንኛውም ወርቅ ያየዋል። የሚያውቀው ደግሞ ከማን ነው? ከቤይጂንግ ጀምሮ ሲከራከሩ ከቆዩት።

— ቢያውቅ ጥሩ ነው። እኔን ያሳሰበኝ ሳያውቅ እንዳይናገር መደረጉ ነው። የሃያ ዓመት ታሪክ ያልያዘ አፉን እንዳይከፍት የሚያደርግ ጨዋታ የአዋቂዎች ማኅበር እንጂ የአድማጭ ዝግጅት አይደለም።

— እሺ፣ ቢዘጋስ ምን ይመጣል? የተዘጋ ርዕስ ምን እንደሚሆን እኮ አይተናል። የ1954ቱን የአፍሪካ ዋንጫ ያስቡ። በየዓመቱ ጥር ሲመጣ «ግብፅን 4 ለ 2» እንላለን፣ ይድነቃቸው ተሰማን እናመሰግናለን፣ ወደ ማስታወቂያ እንሄዳለን። መንግሥቱ ወርቁ ይሻላል ወይስ ሉቻኖ ቫሳሎ ብሎ የሚጣላ ወጣት ያውቃሉ? የሚጣላባቸው ስለሌለ ስማቸውም እየተረሳ ነው።

— እሱን እኛ አልዘጋነውም። ያዩት ሰዎች አልቀው ነው።

— ኃይሌን ያዩትስ አያልቁም?

— ያልቃሉ። የእኔም ተራ ይመጣል።

— እንደሱ ለማለት አይደለም፣ ጋሼ።

— አውቃለሁ፤ ግን እውነት ነው። አሁን እኔ በተራዬ አንድ ማታ ላስታውስሽ። መስከረም 27 ቀን 2013፣ ቫሌንሲያ። ቼፕቴጌ 26:11.00 ገብቶ የቀነኒሳን የ10 ሺህ ክብረ ወሰን ሰበረ። በዚያው መም፣ በዚያው ምሽት ለተሰንበት ግደይ 5 ሺህን በ14:06.62 ጨርሳ የጥሩነሽ ዲባባን የ12 ዓመት ክብረ ወሰን አሻሻለች። አንዱ ክብረ ወሰን ከአገር ወጣ፤ ሌላው ከኢትዮጵያዊት ወደ ኢትዮጵያዊት ተላለፈ። በማግሥቱ እኛ ስለ ምን አወራን?

— ስለ ቀነኒሳ።

— ሙሉውን ሰዓት! «አሁን ኃይሌ በለጠ ወይስ እኩል ሆኑ?» እየተባለ። ለተሰንበት በዜናው ማብቂያ ላይ በአንድ አረፍተ ነገር አለፈች። ጠልተዋት አይደለም። ርዕሱ እንደ ሚዛን ሁለት ሳህን ብቻ ስላለው ነው። የመጣው ዜና ሁሉ ወይ ኃይሌ ላይ ወይ ቀነኒሳ ላይ ይጫናል። በሁለቱም ላይ የማይጫን ከሆነ ወለል ላይ ይቀራል። ለተሰንበት ወለል ላይ ቀረች።

— የዚያን ማታውን አልከላከልም። ግን ወለል ላይ ያስቀራት ርዕሱ መቀጠሉ ነው፣ ወይስ ማይክ የያዘው ሰው ጥያቄውን አለማዞሩ?

— ወደ እኔ መጣሽ።

— ይቅርታ ጋሼ፣ ግን…

— የለም፣ ይመጣል። እንዲያው አዙሬዋለሁ እንበል። «አሁን ደግሞ ወደ ለተሰንበት እንምጣ» ስል ቀጣዩ ደዋይ ምን እንደሚል ታውቂያለሽ፤ «እሺ፣ ከዚያ በፊት ግን ስለ ቀነኒሳ አንድ ነገር ብቻ»። አዘጋጅ ጥያቄ ይመርጣል፤ ሰው ቤቱ ይዞት የዋለውን ንዴት ግን አይመርጥለትም። ርዕሱ ዝርዝሩ ላይ እስካለ ድረስ ሁሉም ወደዚያው ይፈስሳል።

— እንግዲያው እርስዎ አዲስ ወደሚሉት እንሂድ። ምን ያህሉ ነው በእውነት አዲስ የሆነው? የማራቶን ቡድን ምርጫን እንውሰድ። በ2008 ቀነኒሳ ለሪዮ ሳይመረጥ ቀረ፤ አዲስ ርዕስ ብለን ከፈትን፣ ሳምንት ሙሉ ጮኽን፣ ዘጋን። ለቶኪዮም አልተካተተም፤ እንደገና አዲስ ብለን ከፈትን። ለፓሪስ ተመረጠ፤ ይኸው ሌላ አዲስ። በየአራት ዓመቱ የምንከፍተው አንድ ጥያቄ ነው። አንድም ሰው ግን «ባለፈው ምን ብለህ ነበር?» ተብሎ አልተጠየቀም። እኔ የድሮዎቹን ቅጂዎች እያዳመጥኩ ደብተር ላይ አስፍሬያለሁ፤ በቀኝ በኩል የተባለው፣ በግራ በኩል ያለው ሰው። በ2008 «ልምድ ያለው ይሂድ እንጂ ሰዓት ብቻ ምን ያደርጋል» ያለው ሰውዬ፣ በ2016 «ለወጣት ይልቀቅ» ያለው ራሱ ነው።

— ሰው ሐሳቡን መቀየር አይችልም?

— ይችላል፤ ምን አይቶ እንደቀየረ ይንገረን ነው የምለው። ሪዮን ይመልከቱ። ነሐሴ ላይ ፈይሳ ሌሊሳ በማራቶን ብር አመጣ፤ መራጮቹ «አላልናችሁም?» ቢሉ ያምርባቸዋል። አምስት ሳምንት ቆይቶ፣ መስከረም 2009 ላይ፣ ቀነኒሳ በርሊንን በ2:03:03 አሸነፈ፤ አሁን ደግሞ የእሱ ደጋፊዎች «አላልናችሁም?» ይላሉ። ሁለቱም አልዋሹም። እኛ ግን ሪዮ እንዳለቀ ርዕሱን ዘግተን ሊጉ ሊጀመር ነው ብለን ወደ ኳሱ ሄደናል። የበርሊኑ ድል ሲመጣ የሚያያዝበት ክርክር አልነበረም፤ ለብቻው ዜና ሆኖ አለፈ። አዲስ ርዕስ፣ አዲስ ርዕስ እያልን እንዲህ ነው የምንረሳው።

— ይህን እቀበላለሁ። ሳልሸራርፍ ነው የምቀበለው። ግን አየሽ፣ የነገርሽኝ ስለ ምርጫ ነው። ምርጫ የሚጠየቅ አካል አለው። ፌዴሬሽን አለ፣ መስፈርት አለ፣ ሰዓት አለ፤ ውጤቱም ይመጣል። ታምራት ቶላን ተመልከቺ። ተጠባባቂ ነበር። ሲሳይ ለማ ተጎድቶ ሲወጣ ገባና ፓሪስ ላይ በ2:06:26 የኦሊምፒክ ክብረ ወሰን ይዞ አሸነፈ፤ ከገዛኸኝ አበራ ወዲህ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ የኦሊምፒክ የወንዶች ማራቶን ወርቅ። በዚያው ውድድር ቀነኒሳ 39ኛ ወጣ። ይህ ሁሉ ለምርጫው ክርክር ስንት ነገር ይጨምርለታል! እሱ ዕድሜ ልኩን ይቀጥል፤ ደብተርሽንም ስቱዲዮ ይዘሽ ግቢ። «ኃይሌ ወይስ ቀነኒሳ» ግን ምን ተጨምሮለት ያውቃል? አንዱ አቁሟል፤ የሌላው ምርጥ ዘመን አልፏል። አዲስ ነገር የማይገባበትን ነው ዝጊ የምልሽ።

— ገብቶበታል እንጂ! መስከረም 2012 ቀነኒሳ በርሊን ላይ 2:01:41 ሲገባ፣ «ማራቶን የኃይሌ ነው» ሲሉ የኖሩት አፋቸውን ይዘው አልቀሩም? ኃይሌ በዚያው በርሊን ሁለት ጊዜ ክብረ ወሰን ሰብሯል፤ 2:04:26፣ ከዚያ 2:03:59። ስለዚህ ክርክሩ ሌላ መልክ ያዘ፦ የበለጠ የሮጠ ይበልጣል ወይስ በዘመኑ ማንም ያልሮጠውን የሮጠ? የጫማው ነገር መጣ፣ የአሯሯጮቹ ነገር መጣ። ከአቴንስ ጊዜ ክርክር ጋር አንድ ነው ካሉኝ ጆሮዎ ሰልችቶት ነው።

— ጆሮዬማ ሰልችቶታል። የሬዲዮ ሰው ጆሮ መሰልቸቱም መረጃ ነው፤ አድማጩም ጆሮ አለው።

— እሺ፣ ሌላውን ምክንያቴን በግልጽ ልንገርዎት፤ እስካሁን ያላልኩት አጉል እንዳይመስል ብዬ ነው። ዛሬ ይህን ሰርዤ በቦታው አዲስ ርዕስ ይግባ ብል የሚገባው አትሌቲክስ አይደለም። የአርሰናል አሰልጣኝ ከጨዋታ በኋላ የተናገረው ነው። የማንቸስተር ዩናይትድ ዝውውር ነው። አዲስ ነገር በየሰዓቱ የሚያመርቱት እነሱ ናቸው፤ ቅዳሜ ይጫወታሉ፣ እሑድ ይጫወታሉ፣ ቀሪውን ሳምንት ስለ ቅዳሜና እሑድ ያወራሉ። የእኛ ማራቶን ሯጭ በዓመት ሁለቴ ይሮጣል፤ በመሀል ሰንዳፋና እንጦጦ ላይ ልምምዱን ይሠራል፣ ወሬ የለውም። በአዲስነት ተወዳደሩ ካልናቸው ገና ከመነሻው ተሸንፏል። ሩጫ በሌለበት ወር ስለ ሩጫ የሚያስወራን አንድ ነገር ነው ያለን፤ እርስዎ የሚያሰርዙኝ እሱን ነው።

— …ይሄ ከባድ ነው።

— ከባድ ነው አይደል?

— አዎ። የኳሱን ጎርፍ እኔም አውቀዋለሁ፤ በጀመርንበት ጊዜ ግማሽ በግማሽ ነበር። ግን እንግዲህ ይህ ርዕስ የአትሌቲክስን ሰዓት ይጠብቅልናል ካልሽ፣ የሚጠብቀው ለማን እንደሆነ ንገሪኝ። ለተሰንበትን የማያስገባ፣ ሰለሞንን በዕድሜው የሚመልስ ከሆነ ሰዓቱን የጠበቀው ለሁለት ሰው ነው። ትዕግሥት አሰፋን ውሰጂ። ሪዮ ላይ 800 ሜትር የሮጠች ልጅ፣ መስከረም 2016 ላይ በርሊንን በ2:11:53 አሸንፋ የሴቶችን የዓለም ክብረ ወሰን ከሁለት ደቂቃ በላይ አወረደችው። ነሐሴ ላይ ፓሪስ ሄዳ እስከ መጨረሻዋ መቶ ሜትር ስትታገል ሲፋን ሐሰን በሦስት ሰከንድ ቀደመቻት። ዓመቱ በእሷ ክብረ ወሰን ገብቶ በእሷ ብር ሊወጣ ምንም አልቀረው። ከ800 ወደ ማራቶን! አንድ ሙሉ ወር ሊያስከራክር የሚችል ጉዳይ ነው። ስንት ቀን አከራከረ?

— ሁለት ቀን ቢሆን ነው። እሱም ስለ መገፋፋቱ፤ ከሲፋን ጋር መጨረሻ ላይ ስለተነካኩት።

— በቃ። ይኸው።

— እኔ እኮ ትዕግሥት የምትገባው አሮጌው ክርክር ውስጥ ነው ነው የምለው። ባለታክሲውና መምህሩ በኃይሌና በቀነኒሳ ስም የሚጣሉት ስለ ምን ይመስልዎታል? ስለ ሁለት የአርሲ ልጆች ብቻ አይደለም። ሰዓት ይበልጣል ወይስ ሜዳልያ ነው ጸቡ። አንዱ ሲሸነፍ ወደ ሰዓት ይሸሻል፤ ሌላው ሲሸነፍ ወደ ወርቅ። እስቲ እንዲህ ብለን እንጠይቃቸው፦ ቀነኒሳ በርሊን ላይ የኪፕቾጌ ክብረ ወሰን በሁለት ሰከንድ አመለጠው፤ ትዕግሥት ፓሪስ ላይ ወርቁ በሦስት ሰከንድ አመለጣት። የትኛው ይበልጥ ይቆጫል?

— ቆይ፣ ድገሚልኝ።

— የቀነኒሳ ሁለት ሰከንድ ወይስ የትዕግሥት ሦስት ሰከንድ?

— ይህንን ጻፊው! የኔ ልጅ፣ ይሄ አዲስ ርዕስ ነው።

— አሮጌው ነው፣ ጋሼ። ያለ አሮጌው አይገባም።

— ይግባ አይግባ እናየዋለን። አንድ ነገር ግን እለምንሻለሁ፤ የኃይሌና የቀነኒሳ ስም ከርዕሱ ላይ ይውረድ። «ሰዓት ወይስ ሜዳልያ» ተብሎ ይነገር፤ ምሳሌውም ከትዕግሥት ይጀምር። ስማቸውን የሚያነሳ ያንሳ፤ ግን ሥራውን ራሱ ይሥራ፣ ከትዕግሥት ጋር አገናኝቶ ያምጣቸው።

— ባለታክሲው ስሙን ካልሰማ አይደውልም። የሚያደውለው ስሙ ነው።

— አይደውል።

— በቀላሉ አይበሉት። ያ ሰው ዝናብ ቢዘንብ፣ መብራት ቢጠፋ፣ ኳስ ቢኖር ባይኖር ደውሎ ያውቃል። የሚያስታውቁ ድርጅቶች ሲጠፉ እንኳ እሱ አልጠፋም። እርስዎ ለማያውቁት ሰው ብለው የሚያውቁትን ሰው እያባረሩ ነው። እሱ ሲቀር ቦታውን የሚይዘው ስለ ዝውውር የሚያወራው ነው።

— ወይም እስከ ዛሬ መስመሩ ተይዞባት የቆየች አንዲት ልጅ።

— እሷ እንደምትደውል በምን አወቁ?

— አላወቅኩም። በምን ልወቅ? መስመሩ ተለቆ አያውቅማ።

— እሺ። ዛሬ ስማቸው ይውረድ፣ መስመሩን እለቅልዎታለሁ። ማንም ሳይደውል ቢቀር ግን ዝምታውን የሚሞሉት እርስዎ ነዎት። ያኔ ደግሞ አውቅዎታለሁ፤ ስለ ሲድኒ ነው የሚያወሩት።